ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ከግቢ ሮጦ ይወጣል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?»

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ኦቲዝም እንዳለበት በሐኪም የተነገረለት የ7 ዓመት ተማሪ አለኝ። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ሰሞኑን ደግሞ ራሱን ከዴስክ ጋር ማጋጨት ጀምሯል። ሁለት ጊዜ ከግቢ ወጥቶ ተገኝቷል። እናቱ እንዲረጋጋ ብላ ጠዋት ጠዋት የአለርጂ ሽሮፕ ትሰጠዋለች። ባልደረቦቼ «ቅብጠት ነው፣ ኮስተር በይበት» ይሉኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ የጠየቁኝ ስለ ጠባዩ ነው፤ የሚያሳስብዎ ግን ልጁ በእርስዎ እጅ ላይ ሳለ አንድ ነገር እንዳይሆን ይመስለኛል። ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከሚያስጨንቃቸው ድምፅ ይሸሻሉ፣ ወይም ወደሚስባቸው ነገር ይሄዳሉ። ብዙዎቹን የሚስበው ውኃ ነው፤ ሲጠፉ ለሞት ከሚዳርጓቸው ነገሮች ዋነኛውም መስጠም ነው። በእናንተ አካባቢ ወንዝ ብቻ አይደለም አደጋው፤ ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ ዝናብ ያቆረ ጉድጓድም አለ። ዛሬውኑ ከርዕሰ መምህሩና ከጥበቃው ጋር ሆነው በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ውኃ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ለእያንዳንዱም የሚሮጥ ሰው በስም ይመድቡ። ልጁ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ውኃው ነው፤ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ታክሲ ተራው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል። ስሙን እየጠሩ መልስ አይጠብቁ፤ ቢሰማም ላይመልስ ይችላል። በዓይን ይፈልጉት። ጥበቃው የልጁን ፎቶ ይያዝ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ ይሁን። የወላጅ ስልክ ቁጥር ዩኒፎርሙ ውስጥ ይሰፋ። መቀመጫውም ከበሩ ይራቅ።

ቅብጠት ነው የሚሉት ተሳስተዋል። ደወሉ ለእሱ ሕመም ነው፤ ኩርኩምና ቁጣ ሲጨመርበት የበለጠ ይሸሻል። ደወል ሊደወል 2 ደቂቃ ሲቀረው የደወል ሥዕል ያሳዩትና ከድምፅ ማጉያው ያርቁት። የጠዋቱ ሰልፍ ከከበደው ከኋላ ዳር ይቁም። የቀኑን ውሎ በ4 ወይም በ5 ሥዕል በቅደም ተከተል ለጥፉለት። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ በአጭሩ፤ ከዚያ በልብዎ እስከ 10 ቆጥረው ይጠብቁት። ሳይጠብቁ ቃሉን ቀይረው ሲደግሙት ለእሱ ሌላ አዲስ ትእዛዝ ይሆንበታል።

ጩኸቱ ሲነሳ አንድ ሰው ብቻ ቀስ ብሎ ያናግረው። ሌሎች ተማሪዎች ይውጡ፤ በራሱና በሚያጋጭበት ጠንካራ ነገር መካከል ጃኬት ያስገቡ። ለአደጋ ካልተጋለጠ በቀር አይያዝ።

ራስ ማጋጨቱ አዲስ ከሆነ ሕመም ሊኖር ይችላል። የጥርስ፣ የጆሮ ወይም የሆድ ድርቀት ሕመሙን በቃል መናገር ያልቻለ ልጅ እንዲህ ይገልጸዋል። በዚህ ሳምንት ይታይ፤ «እስኪ ይለፍለት» አይባል።

ሽሮፑን በተመለከተ ለእናቱ ሳይለሳለሱ ይንገሯት፦ ይቁም። ለማስተኛት ወይም ለማደንዘዝ የአለርጂ መድኃኒት ለልጅ አይሰጥም። መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል፣ የልብ ምትን ያዛባል፣ የሚጥል ሕመም ያስነሳል፤ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያስጨንቀዋል። ደግሞም ፈዞ የመጣ ልጅ አይማርም፤ ከጉድጓድ አፍ ቢደርስም አይጠነቀቅም። ጎረቤት መከራት ወይም ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ሸጠላት ማለት መድኃኒቱን ደኅና አያደርገውም። ጨክና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደክማ ነው፤ ብቻዋን አትተዋት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋ የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትውሰደው፤ ጠርሙሱንም ይዛ ትሂድ።

እርስዎ በበኩልዎ ለ2 ሳምንት በአንድ ደብተር ይመዝግቡላት፦ ጩኸቱ ከመነሳቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ምን አረጋጋው፣ ሰዓቱ ስንት ነበር። ለሐኪሙ ከማንኛውም ወረቀት በላይ የሚጠቅመው ይኸ ደብተር ነው፤ ለቀጠሮው እናቱ ትያዘው።