መልስ፦ ለ2,000 ዋት ኢንቨርተር ፊውዙ ስንት አምፔር ይሁን?

ወንድሜ፣ ለሞተርሆምህ (ለመኖሪያ መኪናህ) ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ዓይነት መብራት ለሚቀይረው ዕቃ፣ 100 አምፔር ፊውዝ ይበቃል ወይ ላልከው፣ አይበቃም። 2,000 ዋትን ለባትሪው 12 ቮልት ስታካፍል 167 አምፔር ገደማ ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ወደ 190 ይጠጋል። እኔ ብሆን 250 አምፔር ፊውዝና 70 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ አደርጋለሁ።

ፊውዙ የሚታሰርበት ቦታ ግን ከቁጥሩም በላይ ወሳኝ ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ኢንቨርተሩን አይደለም፤ ስለዚህ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ባይርቅ ይሻላል። ኢንቨርተሩ ጋ ብታስረው፣ መሃል ላይ ገመዱ ተልጦ የመኪናውን ቦዲ ቢነካ ማን ያቋርጠዋል? ባትሪህ ሊቲየም ከሆነ ክላስ ቲ የሚባለውን፣ ኃይለኛ ሾርት መቁረጥ የሚችል ፊውዝ ግዛ፤ ርካሾቹ የሊቲየምን ሾርት ላይቆርጡት ይችላሉ።

የባትሪውን ቻርጀር ደግሞ ኢንቨርተሩ በሚያበራው ሶኬት ላይ እንዳትሰካ። ባትሪው ራሱን ቻርጅ ሲያደርግ አድሮ ጠዋት ባዶ ታገኘዋለህ።