በ58 ዓመት ማራቶን? ይግቡበት!

ወንድሜ፣ «58 ዓመቴ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ ነው የምሮጠው፤ ማራቶን ብገባ አያሳፍርም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ምን ያሳፍራል! እኔ 63 ሞልቶኛል፤ ፍጥነቴም ከእርስዎ አይሻልም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። 42.195 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት የሰዓት ገደቡን ይዩ። የበርሊን ማራቶን ገደብ ለእኛ ይጠብባል። በአሜሪካ ሃዋይ የሚካሄደው የሆኖሉሉ ማራቶን ግን ገደብ የለውም፤ ቀስ ብሎ የሚመጣውንም ይቀበላሉ።

ዋናው ነገር እየሮጡ እየተራመዱ መሄድ ነው። እኔ 3 ደቂቃ ሮጬ 1 ደቂቃ እራመዳለሁ። ይህን የምጀምረው ገና ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው፣ ሳይደክመኝ። ከደከሙ በኋላ መራመድ ብዙም አያድንም።

አንዴ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ተሳስሮ ቆምኩ። መንገድ ዳር የቆመች ትንሽ ልጅ ግማሽ ብርቱካን ዘረጋችልኝ። ጭማቂው በክንዴ ላይ እየወረደ ጨረስኩት። ያ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ። ፈጣኖቹ ይህን ለማየት ጊዜ የላቸውም።

ሐኪም ግን ሳያዩ እንዳይጀምሩ፤ ልብዎን ይታዩ። ጫማውንም ትንሽ ሰፋ አድርገው ይግዙ፣ እግር በመንገድ ያብጣል።