ሦስት ክራር ለአሥራ አምስት ልጅ

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ የወጣቶች ማዕከል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 15 ልጆች አሉን፤ አብዛኞቹ ሊስትሮ ናቸው፣ ጎዳና የሚያድሩም አሉ። ሦስት ባለ ስድስት ክር ክራርና አንድ ከበሮ በስጦታ አግኝተናል። የሰፈሩ ሰው ግን «አዝማሪ ልታደርጓቸው ነው?» ይለናል። ሙዚቃ በእርግጥ ይጠቅማቸዋል? በምንስ እንጀምር?

መልስ፦ በጣም ይጠቅማቸዋል፤ ትልቁ ጥቅም ያለውም ልምምዱ ላይ ነው። ደንበኛ ሲሻማ የዋለ ልጅ ተራ መጠበቅን፣ የጓደኛውን ድምፅ ሰምቶ የራሱን ማለዘብን እዚያ ይለምዳል። አዝማሪነትም ነውር አይደለም፤ ሙዚቃ ችግረኛ ልጆችን ቤተ መንግሥት ያደረሰበት ጊዜም አለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው «አርባ ልጆች» ወላጅ አልባ አርመኖች ነበሩ፤ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆነዋል።

በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሰዓቱን ልጆቹን ጠይቃችሁ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ አድርጉት። መጀመሪያ ሻይና ዳቦ፤ የራበው ልጅ ክር አይለይም። ከዚያ 15 ደቂቃ ቅኝት። ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በአምስት ቡድን ክፈሏቸው። አንዱ ቡድን ክራር ሲይዝ አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ። በየ10 ደቂቃው ተቀያየሩ። ይህን ካላደረጋችሁ ትልልቆቹ ክራሩን ይዘው ይቀራሉ።

ሦስቱንም ክራሮች «ትዝታ ሙሉ» በሚባለው ቅኝት ቃኟቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር ዶን ከፍ አድርጎ ይደግማል። የስልክ መቃኛ ይረዳችኋል። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት፣ የጎረቤቶቻችሁን ስም የያዙትን፣ ቆየት ብላችሁ ጨምሩ። በድርድር፣ ማለትም ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት በመምታት፣ ጀምሩ፤ ግርፍ፣ ማለትም ክሮቹን በአንድ ላይ መምታት፣ የማይፈለጉትን ክሮች በግራ ጣት ማፈን ስለሚጠይቅ ጀማሪን ያደናግራል።

አዲስ የናይሎን ክር ይለጠጣል፤ በእጅ ቀስ ብላችሁ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሳችሁ ቃኙት። ክራሩ ቆዳ የለበሰ ከሆነ በደሴ ጭጋግ ቆዳው ይረግባል፣ ክሮቹን ደግፎ የያዘው ብርኩማ ዝቅ ይላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ደግሞ ተወጥሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅኝቱን በየሳምንቱ ለተለያየ ልጅ አደራ ስጡ። ዕቃ የታመነበት ልጅ አያያዙ ሲለወጥ ታዩታላችሁ።

በአንድ ወር ውስጥ ለእንግዳ ትርኢት አታቅርቧቸው፤ ያልደረሰ ልጅ መድረክ ላይ ካፈረ አይመለስም። ሁለት አሠልጣኝ ይኑራችሁ፤ አንዱ ቢሄድ ልምምዱ አይቋረጥም። ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ካለ የቡድን ጓደኛው ልጁ ጫማ ከሚጠርግበት ቦታ ሄዶ ይጠይቀው፤ ተራውንም ለሌላ አትስጡበት።