«መቼ ነው የሚሞቀው?»

ይድረስ አዲስ ጋራዥ ለገባችሁ ልጆች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእጄ ግራሶ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ጉልበቴ መኪና ሥር መግባት እምቢ ስላለኝ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ እናንተን አያለሁ። ሰሞኑን አንድ አሮጌ ሃይኤስ መጣ። ሹፌሩ «ይሞቃል» ከማለቱ ከእናንተ አንዱ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ሊፈታ ቁልፍ አነሣ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

አልፈርድበትም፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። በወጣትነቴ አንድ የታክሲ ሹፌር ውሃ የሚተፋ ዶልፊን አመጣልኝ። ችግሩ የቴስታታ ጋስኬት፣ በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈታሁ፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ልኬ አስላጨሁ፣ አዲስ ጋስኬት ገጠምኩ። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራ ዋለ። ባስረከብኩት ማግስት ተመልሶ መጣ። ፈልቷል። የጋራዡ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ የራዲያተሩን ክዳን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ስፕሪንጉ ሞቷል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ከሶማሌ ተራ አዲስ ክዳን መጣ፣ ነገሩ አለቀ። ፈትቼ ያወጣሁትን ጋስኬት በኋላ አየሁት። ደህና ነበር።

አንድ ክዳን እንዴት ይህን ያህል ጉድ ይሠራል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቴርሞስታት ደግሞ ገና መከፈት የሚጀምረው 82 ላይ ነው። በመሃል የቀረችው 10 ዲግሪ ለአንድ የእንጦጦ ዳገት አትበቃም። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ያፈነው ግፊት ነው። 0.9 (የሚይዘው ግፊት ልክ ነው) የተጻፈበት ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት እዚሁ ከተማ ውስጥ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ይህን ዕቃ ነው እንግዲህ ሰው በፌስታል ጠቅልሎ የሚገጥመው!

ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ሹፌሩን «መቼ ነው የሚሞቀው?» በሉት።

ቆሞ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲለቀው የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬዬ ፋኑ ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርዳል፤ ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ የፋኑ ነው። ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋኑ ክላች ውስጥ የሲሊኮን ዘይት አለ። ዘይቱ ሲያልቅ ፋኑ ይሰንፋል። ሞተሩ እንደሞቀ አጥፉና ፋኑን በእጃችሁ አዙሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ ከተሽከረከረ ክላቹ አልቋል።

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ብቻ የሚፈላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ራዲያተሩ ውሃ በደንብ አያሳልፍም ማለት ነው። በየወንዙ ውሃ እየሞሉ ስንት ዓመት የነዱት መኪና ውስጡ እንደ ቡና ጀበና ቅርፊት ይይዛል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት ዳብሱት። ዙሪያው እየሞቀ መሃሉ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ተደፍኗል። ከውጭም እዩ። ከኤሲው ራዲያተር ጀርባ የተጋገረ ጭቃና አቧራ ስንቱን አሳስቷል።

ውሃ እየጎደለበት ጠብታ ከማይታይበት መኪና ጋር ታገሱ። የኋላ ማሞቂያ ያለው ቫን ከሆነ በሻሲው ሥር ረጅም የውሃ ቱቦ ይሄዳል፤ እሱ ዝጎ ሲያፈስ ከፊት ሆናችሁ አታዩትም። ጋስኬት የምትጠረጥሩት ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሥታችሁት፣ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ እንደ እንጨት ሲደርቅ ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አረፋው ሳያቋርጥ ሲወጣም እንዲሁ። የሞተሩ ዘይት ማኪያቶ ከመሰለማ ክርክር የለም።

አንድ በጣም የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከሥሩ ያለውን አቋራጭ የውሃ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ እዚያው ሞተር ውስጥ ይዞራል። ልታበርዱት ብላችሁ ታሞቁታላችሁ።

ድስት ውስጥ ቀቅላችሁ የምትፈትኑትም ተጠንቀቁ። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ የእኛ ድስት ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ያቆማል። ግማሽ ተከፈተ ብላችሁ ደህናውን ዕቃ እንዳትጥሉት።

የሞቀ ክዳን አትክፈቱ ብዬ አልደግምላችሁም፤ ክንዴን አይታችሁታል።

ሃይኤሱ አሁንም ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሹፌሩን ጠየቅኩት። ሜክሲኮ ሰልፍ ይዞ ሲጭን ይሞቃል፣ የቃሊቲን መንገድ ሲይዝ ይበርዳል። ነገ ጠዋት የፋን ክላች ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንዳይሆን እዩልኝ።