ስሙ ያልታወቀው የግቢ አፕል

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ባለው የአያቶቼ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሰው ያልነካቸው አራት የአፕል ዛፎች አሉ። የተከላቸው ሰው በሕይወት የለም፤ የዝርያቸውን ስም የሚያውቅም አላገኘሁም። የስልክ መተግበሪያው ፎቶ ባነሣሁ ቁጥር ሌላ ስም ይሰጠኛል። በምን ልለያቸው? ግቢው ለልማት ሊነሳ ይችላልም እየተባለ ነው።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፍሬውን ለጊዜው ይተዉትና ግንዱን ይዩ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያበጠ ወይም የታጠፈ ቦታ ካለ ዛፉ ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለበት ነው። በአሮጌ ግቢ አፈር ሊሸፍነው ስለሚችል ዙሪያውን ጥቂት ጫር ያድርጉ። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከእብጠቱ በታች የበቀሉ ከሆነ ላይኛው ዝርያ ሞቷል ማለት ነው፤ የሚለቅሙትም የሩትስቶኩን፣ ማለትም ሥር የሰጠውን የታችኛውን ግንድ ፍሬ ነው። ምንም ምልክት ከሌለው ደግሞ ከዘር የበቀለ ሊሆን ይችላል። አፕል ከዘር ሲበቅል እናቱን ስለማይመስል እንዲህ ላለው ዛፍ የሚፈለግ ስም የለም።

ከእያንዳንዱ ዛፍ ስድስት ስድስት ፍሬ ለየብቻ ይልቀሙ። ፀሐይ ከሚያገኘው በኩል ይሁን፤ ትል የገባበትንና ከዘለላው መሃል ያለውን ይተዉ፤ የመሃሉ ፍሬ እጀታው ብዙ ጊዜ አጭርና ወፍራም ስለሚሆን ያሳስታል። ልጣጩን አይጥረጉ፤ ላዩ ላይ ያለው ሰምም መለያ ነው። የዛፉን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት ከረጢቱ ላይ ይጻፉ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያስቸግረው መብሰሉን ማወቅ ነው። ቅዝቃዜው በቂ ስለማይሆን አፕል በአንድ ጊዜ አያብብም፤ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ፍሬ አብረው ይገኛሉ። አንዱን ፍሬ በወርዱ ቆርጠው የፋርማሲ አዮዲን በውሃ አቅጥነው ይቀቡት። አብዛኛው ገጽ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ገና ስኳር አልሆነም፤ ጥቂት ቀን ይጠብቁ። የተቀባውን ፍሬ ይጣሉት፣ አይበላም።

መተግበሪያው የሚሳሳተው በውጭ ቅርጽና በቀለም ስለሚፈርድ ነው። ሁለቱም በፀሐይ፣ በሌሊት ቅዝቃዜና በፍሬው ብዛት ይለዋወጣሉ፤ በቀዝቃዛ አገር ረዝሞ የሚያድገው ሬድ ዴሊሺየስ ሞቅ ባለ ስፍራ ይደፈጠጣል። የበለጠ የሚታመነው ውስጡ ነው። አንዱን ከእጀታው እስከ እምብርቱ (ከእጀታው ተቃራኒ የአበባው ቅሪት እስካለበት ጫፍ) በቁመት፣ ሌላውን በወርድ ይሰንጥቁ። እምብርቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ከሥሩ ያለው ቱቦ እንደ ሙዳይ ክዳን ሾጥጧል ወይስ እንደ ማንቆርቆሪያ አንገት ረዝሞ ወደ ታች ወርዷል? የዘር ክፍሎቹ ወደ መሃል ይከፈታሉ? የእጀታውን ርዝመትም በሚሊሜትር ይለኩ። ዘሮቹን ይቁጠሩ፤ ጎደሎና ባዶ የሆኑት ከበዙ እንደ ክሪስፒን ያለ፣ ባለ ሦስት እጥፍ ክሮሞዞም በመሆኑ ጤነኛ ዘር የማይበዛለትን ዝርያ መጠርጠር ይገባል፤ ነገር ግን በአቅራቢያው ሌላ አፕል ስለሌለ አበባው በቅጡ ሳይዳቀል ቀርቶም ይሆናል።

ንጽጽሩን ብዙ ቅዝቃዜ ከማይፈልጉት ዝርያዎች ይጀምሩ። አና ረዘም ያለ፣ በአረንጓዴ ቢጫ ላይ ቀላ ያለ ነው፤ ዶርሴት ጎልደን ቢጫ ሆኖ ጎልደን ዴሊሺየስን ይመስላል። ግራኒ ስሚዝ አረንጓዴ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለውና ኮምጣጣ ነው።

ዕፅዋት የሚለዩ ባለሙያዎች በቅጠል አፕል መሆኑን ያረጋግጡልዎታል፤ የዝርያው ስም ግን ከቅጠል ብቻ አይገኝም። የዲኤንኤ ምርመራም የሚሠራው የታወቀ ናሙና ከተቀመጠለት ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው፤ ከአንድ ዝርያ በቀለም ብቻ ተለይተው የወጡትንም፣ ለምሳሌ ከGala አፕል የወጡትን ቀያይ ዓይነቶች፣ በተለመደው ምርመራ አይለይም።

ግቢው የሚነሳ ከሆነ ግን ስሙን አይጠብቁ፤ በቅድሚያ ዛፉን ያድኑ። ቡቃያው በተኛበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቅዝቃዜ፣ ያለፈው ዓመት የበቀለ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ 20 ሳንቲሜትር እያደረጉ ይቁረጡ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በላስቲክ አድርገው፣ ቁጥሩን ጽፈው ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት፤ ፍራፍሬ ግን አብሮ አይቀመጥ፣ ከበሰለ ፍሬ የሚወጣው ጋዝ ቡቃያውን ይገድለዋል። ከዚያ ኤምኤም 106 የተባለው ሩትስቶክ ካለው የችግኝ ጣቢያ ጋር ተነጋግረው ከእያንዳንዱ ዛፍ ቢያንስ ሦስት ያስቀጥሉ፤ አንዱ ቢደርቅ ሁለቱ ይተርፋሉ።