ሦስት ምስክር አለኝ አሉ፤ ወረቀቱስ?

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂ ደሴ ሰኞ ገበያ ለሚነግድ የልጅነት ጓደኛቸው 180,000 ብር አበድረዋል፤ ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን ሦስት ሰዎች ባሉበት ቆጥረው። ጓደኛቸው ዛሬ ነገ ሲል ዓመት አለፈ። «ሽማግሌም ልኬ ዕዳውን አምኗል፤ ብከሰው እረታለሁ?» ይላሉ።

ክሱ እሱ በሚኖርበት በደሴ ይቀርባል። ይርጋው (ሕጉ ለመክሰስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ) በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነውና አልመሸብዎትም።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ምስክሮቹን አንድ በአንድ ዘርዝረዋል፤ ስለ ውል ግን አንድም መስመር የለም። ረስተውት አይመስለኝም። «ከእሱ ጋር ወረቀት መፈራረም ነውር ነው» ብለው ትተውት ይሆናል። ወንድሜ፣ ይህ ነውር ስንቱን አስለቅሷል!

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ መብቃቱን እንጃ። ስለዚህ «አልተበደርኩም» ካለ ምስክሮችዎ ሦስት ይሁኑ ሠላሳ፣ ሼህ ይሁኑ ቄስ፣ ብድሩን አያስረዱልዎትም። ሽማግሌ ፊት ማመኑም ዳኛ ፊት እንደማመን አይቆጠርም። የባንክ ደረሰኙ ብሩ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም፤ «የዕቃ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ቢልስ? የቀረዎት እሱን ፍርድ ቤት ማስማል ብቻ ነው። «እሱ በሐሰት አይምልም» የሚሉ ደንበኞች ብዙ አይቻለሁ፤ ከማለ በኋላ ግን የሚያዙት ነገር አይኖርም። ክሱ አንዴ ውድቅ ከሆነ ደግሞ በዚያው ጉዳይ ዳግም መክሰስ አይታሰብም ማለት ይቻላል።

እና አሁን አይጣሉት፤ አይሳደቡ። እነዚያኑ ሽማግሌዎች መልሰው ይላኩና ጊዜ ይስጡት፤ በምትኩ «ይህን ያህል ብር ተበድሬ አልከፈልኩም፣ እስከዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ በሁለት ምስክር ፊት ይፈርም። ጽሑፉን ጠበቃ ያርቅቀው። ያ ወረቀት ካለዎት በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም ከመደበኛው ባጠረ የክስ መንገድ፣ እስከመክሰስ ይደርሳሉ። «ትንሽ ታገሰኝ፣ ብርህን እሰጥሃለሁ» ያለበት የቴሌግራም መልእክት ካለ አያጥፉት፤ ብቻውን ይበቃል ብዬ ግን አልምልልዎትም።

በመጨረሻ ጣል ያደረጓት «20,000 መልሶልኛል» የምትለዋስ? በባንክ ከሆነ ዕዳ መኖሩን ልትጠቁም ትችላለችና የሂሳብ መግለጫውን ዛሬውኑ ያስወጡ፤ ከደረሰኙ ጋር ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ከዚያ በፊት የክስ ማመልከቻ አያስጽፉ።