ፈረስ ገበያ ሲወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ደላላው «አምስት ዓመቱ ነው» ብሎኛል፤ በምን ላረጋግጥ?

የታች ፊት ጥርሶቹን ገልጠው ይዩ። አንድም የወተት ጥርስ ካለ ገና አምስት አልሞላም።

ባዝራዬን ከሦስት ወር ውርንጭላዋ ለይቼ ብሸጥ ያዋጣኛል ይላሉ።

አይሆንም። ስድስት ወር እስኪሞላው ይታገሡ፤ ካልቻሉ ሁለቱንም ለአንድ ገዢ ይስጡ።

አንድ ባለጋሪ የላኩልኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ፈረሳቸውን ንድፊት የሚባለው የቆዳ በሽታ ይዞታል። እግሩ ላይ የፈነዳው እብጠት ደርቆ ነበር፤ አሁን ደረቱ ላይ ሌላ ወጣ። «ልጆች አሉብኝ፤ የማያውቁኝ ገበያ ወስጄ ልሽጠው?»

ወንድሜ፣ ጋሪው ከቆመ ቤትዎ ምን እንደሚሆን ይገባኛል። ቢሆንም አይሽጡት። ንድፊት ፈንገስ ነው፤ የሚገባውም በአብዛኛው በተላጠ ቆዳ ነው፤ የጋሪው ማሰሪያ ዕቃ በፋቀው ደረት፣ ልጓም በቆረጠው አፍ። ዝንብ ከመግሉ ተነሥቶ ሌላው ፈረስ ቁስል ላይ ያርፋል። ገበያ ላይ ፈረሶች ተጠጋግተው ውለው ማታ በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ በሽታውም አብሯቸው ይሄዳል። የማያውቁዎት ገዢ ደግሞ እንደ እርስዎ ልጆች ያሉበት ባለጋሪ ነው። ገንዘቡንም ፈረሱንም ያጣል፤ ያው ዕቃ ለሁለተኛ ፈረስ ከዋለ ያም ይታመማል።

አሁኑኑ ሐኪም ያሳዩት። ይህን ለወጉ ያህል አልልም፤ በጊዜ ከተያዘ በአዮዲን መድኃኒት የሚድን አለ፤ ከተሰራጨ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። በጋለ ብረት አያስተኩሱት። ዕቃውን ለሌላ ፈረስ አያውሱ። ሥቃዩ ከበዛና ሐኪሙ አይድንም ካለ፣ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው ይፍቀዱለት።

የምትገዙም፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት እጃችሁን በአንገቱ፣ በደረቱና በእግሮቹ ውስጠኛ ጎን አሂዱ። ንድፊት ከቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ ይዳሰሳል። ግላሱንም ሳታስነሱ ገንዘብ አትቁጠሩ፤ የጀርባ ቁስል የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው።

ከሲታ ነው፤ ጨው አልሼ ውሃ ብሞላው ወፈር ብሎ አይታይም?

አያድርጉት! ገዢውን ማታለል ነው፤ ፈረሱንም ለሆድ ሕመም ሊዳርጉት ይችላሉ። ገብስ ይስጡት፤ የአንጀት ትል መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነም ሐኪም ይጠይቁ።

ትናንት የገዛሁትን ከድሮዎቹ ጋር ልቀላቅል?

ሦስት ሳምንት ለብቻው ይሰር፤ ገንዳውም ለብቻው ይሁን። ከአፍንጫው መግል ቢወርድ ወይም ከመንጋጋው ሥር ቢያብጥ ሐኪም ይጥሩ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ግን መለየት ብቻውን አይከላከለውም፤ የሚያስተላልፉት በምሽትና በሌሊት የሚናከሱ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ክረምቱ ሳይገባ ለማስከተብ የወረዳዎን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ከወዲሁ ያነጋግሩ።